ሽማግሌውን ከቅርጫቱ ሥር አቆምኩት

ክፍሎሜ፣ የኔ ጌታ፣

ደብዳቤ የሚጀመረው «ለጤናህ እንደምን አለህ» ተብሎ ነበር። ያንን ለአንተ መጻፍ ስላቃተኝ ከራሴ ልጀምር። እኔ ደህና ነኝ። ከተለየኸኝ አሥር ወር ሊሞላ ነው። ሙት ዓመትህ ገና ቢሆንም እስከዚያ ሊቆይልኝ ያልቻለ ወሬ ስላለኝ ነው የምጽፍልህ። በሕይወት ሳለህ ስለ ኳስ ስታወራ ቁጭ ብዬ የማዳምጥህ እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ ተራው ያንተ ነውና ሳታቋርጠኝ ስማ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ፍሪጁ እንደገና መጮህ ጀምሯል። የቦሌ ሚካኤልን ፍሪጅ ሁሉ ስትጠግን ኖረህ የራስህን ቤት «ቅዳሜ አየዋለሁ» እንዳልክ ነው የሄድከው። ወርክሾፕህን አብሮህ ይሠራ የነበረው ግርማ ይዞታል፤ ደንበኞችህም አልሸሹም። ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ያለው መንገድ ፈርሶ በአዲስ ተሠርቷል። ጫማህን የምታሰፋባት ኮንቴይነር የነበረችበት ቦታ አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። አንተ ብታየው ግማሹን ቀን ስትመርቅ፣ ግማሹን ስታማርር ትውል ነበር። እኔ ያው እዚያው ቦሌ ለሚ ነኝ፤ ልብስ የሚሰፉትን ልጆች እየተቆጣጠርኩ፣ ጠዋት በሰርቪስ ሄጄ ማታ በሰርቪስ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ስለ ቡድንህ ነው።

ያንን የኢንተርኔት ቅርጫት ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየኸኝን ቀን ታስታውሳለህ? ሶፋው ላይ ጎንህ ተቀምጬ «ከእነዚህ ውስጥ አንተ የቱ ነህ?» ብልህ «እኔ የለሁበትም፤ አሰልጣኙ ነኝ» አልከኝ። እንደ ሌላው ጌም በጣት የሚጫወቱት መስሎኝ ነበር። አንተ ግን ማን እንደሚሰለፍ፣ እንዴት እንደሚያጠቁና እንዴት እንደሚከላከሉ ብቻ ትመርጣለህ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ጨዋታው ራሱን ይጫወታል፤ አንተ የሆነውን እያነበብክ ትቃጠላለህ። ተጋጣሚዎችህም እንዳንተው በየአገሩ ቤታቸው ተቀምጠው የሚቃጠሉ ሰዎች ናቸው። ሰው ኳስ ሳይነካ እንዲህ የሚደክምበት ጨዋታ አይቼ አላውቅም ብዬ ስቄብህ ነበር። ቡድንህን «ሚካኤል ሰፈር» ብለህ ሰይመህ ከታችኛው ሊግ ወደ ላይኛው ለማውጣት ስንት ዓመት ፈጀብህ። የወጣችሁ ዕለት ኬክ ገዝተህ ስትመጣ፣ ባለሱቋ የማን ልደት ነው ብትልህ «የሽማግሌው» ብለህ መለስክላት።

ሽማግሌው ያልነው ያንን ረጅሙን ተጫዋችህን ነው። ጨዋታው ያወጣለት ስም ለአፋችን ስላልተመቸን ገና በወጣትነቱ ሽማግሌው አልነው፤ ስሙም ቀስ በቀስ ደረሰበት። አንተ ከሁሉም አብልጠህ ትወደው ነበር። እሱም፣ አራቱ ጓደኞቹም የሚከላከሉት በአንድ መንገድ ነው፤ ሰው ለሰው። እያንዳንዱ አንድ ሰው ይይዛል፣ የያዘውንም እስከ መጨረሻው አይለቅም። ሌላ የመከላከል ዘዴ እንዳለ እያወቅክ አንድም ቀን አልሞከርከውም።

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ገርጂ ሜዳ ቅርጫት ኳስ ስትጫወት መጀመሪያ ያየሁህ ዕለት የያዝከው ሰው ካንተ በሁለት ጭንቅላት ይበልጥ ነበር። ኳሱን እንኳ አታይም፤ ወገቡ ላይ አፍጥጠሃል። ከጨዋታው በኋላ ወንድሜ ሲያስተዋውቀን ምኑን ነው እንደዚያ የምታየው ብዬ ጠየቅኩህ። «ሰው በዓይኑ ይዋሻል፣ በትከሻው ይዋሻል፣ በወገቡ ግን አይዋሽም» አልከኝ። እኔም ይሄ ሰው አንዴ ከያዘ አይለቅም ብዬ አሰብኩ። ጉልበትህ አልታዘዝ ብሎህ ሜዳውን ከተውክ በኋላ ያንን አያያዝህን ለእነዚያ አምስት ልጆች አወረስካቸው።

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ አንድ ቀን ስልክህ ኮመዲኖው ላይ ነዘረ። ከፈትኩት። ጨዋታው አሰላለፍ አስገባ እያለ ነው። ሁሉም አንተ እንዳስቀመጥካቸው አሉ። እጄን ልሰድ አልኩና አቃተኝ። ያን ጊዜ ለራሴ አንድ ነገር ወሰንኩ። እኔ ጥቁር ለብሻለሁ፣ ዓመቱ እስኪደርስም አላወልቅም፤ ቡድኑም እንደኔው ይሁን፣ ክፍሎም የዘረጋው መከላከል እስከ ዓመቱ አይነካ አልኩ። የተጎዳ ካለ እቀይራለሁ፤ ከዚያ ያለፈውን አልነካም። ከልጅነት ጀምሮ ከል የሚለብሰው ሰው እንደሆነ ነበር የማውቀው፤ እኔ የቅርጫት ኳስ ቡድን አለበስኩ። ለሰው እንዳልናገረው ምን ብዬ እጀምረዋለሁ?

እናም መሸነፍ ጀመርን። በዚያ ጨዋታ ተጋጣሚ ያለፈውን ግጥሚያህን ከፍቶ ማየት ይችላል። እኛ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነን። ረጅሙን ሰዋቸውን ከቅርጫቱ አርቀው ሩቅ ያቆሙታል፤ ሽማግሌው ሰውህን ያዝ ተብሏልና በዚያ ባረጀ እግሩ እየተጎተተ ይከተለዋል። ቅርጫታችን ሥር ሰው ይጠፋል። የቀሩት ባለቤት እንደሌለው ቤት ዘው ብለው እየገቡ ያስቆጥራሉ። እኔ በየጊዜው አነባለሁ፣ አዝናለሁ፣ ምንም አልነካም። ወርደን ወርደን አንድ ጨዋታ ቀረን፤ እሱን ከተሸነፍን ወደዚያ ታችኛው ሊግ መመለሳችን ነው። ክፍሎሜ፣ ከእጅህ ሥራ ገና በሕይወት ያለው ለኔ እሱ ብቻ ነበር። ልብሶችህ ታጥፈው ተቀምጠዋል፣ መፍቻዎችህ የግርማ ሆነዋል። ቡድንህ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በስምህ ይጫወት ነበር።

የመጨረሻው ተጋጣሚያችን ያ ሁልጊዜ ትከራከረው የነበረው የስሎቬንያ ሰውዬ ነበር። አሰልጣኞቹ የሚጻጻፉበት ቦታ ላይ «ወዳጄ፣ ተኝተሃል እንዴ? ምነው አንድ ነገር እንኳ አትቀይርም?» ብሎ ጽፎልሃል። በፋብሪካ እንግሊዝኛዬ፣ ክፍሎም አርፏል፣ የምጽፍልህ ሚስቱ ነኝ ብዬ መለስኩለት። በማግስቱ ሰርቪሱ ኢምፔሪያል ላይ መኪና ተዘጋግቶበት ቆሞ ሳለ መልሱ ደረሰኝ። በጣም አዝኗል። እሱ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም የሚለወጥለት ነገር ስለሌለ፣ እኛ እንዳንወርድ ደካማ ልጆቹን አሰልፋለሁ ብሏል። እዚያው ወንበሬ ላይ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ሶፍት ሰጠችኝ፣ ምክንያቱን ግን አልጠየቀችኝም።

እሺ ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን አንተን አሰብኩ። ገርጂ ሜዳ ዳኛው ኳሱን ለእናንተ ሲፈርድ እጅህን አውጥተህ «እኔ ነክቼዋለሁ» ብለህ ለተጋጣሚ ያስመለስክ ሰው ነህ፤ የቡድን ጓደኞችህ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፉህ። በምጽዋት ተረፍን ብልህ ምን ትለኛለህ? እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ግን ያሉህን ጠንካሮች አሰልፍ ብዬ ጻፍኩለት። ከላክሁት በኋላ ነው የደነገጥኩት። ለመትረፍ መከላከልህን መቀየር አለብኝ። እሱን ከቀየርኩ ደግሞ በዚህ ቤት የቀረውን የመጨረሻ ቃልህን የሻርኩ መሰለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናትህ መጡ። በሩን ከፈትኩላቸው። አደይ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰዋል። አንተን የወለዱት ሴት ከእኔ ቀድመው ከላቸውን አውልቀዋል። በፌስታል ለእኔም ቡናማ ቀሚስ ይዘውልኛል። ዓመቱ አልደረሰም እኮ አደይ፣ አልኳቸው። «ጓለይ፣ ልጄ፣» አሉኝ፣ «የወለድኩት እኔ ነኝ። እኔ ካወለቅኩ ማን ምን ሊልሽ ነው? ለነፍሱ ጸሎት ይደርሰዋል፤ ጨርቅ አይደርሰውም።» ጥቁሩን ነጠላ ከትከሻዬ በገዛ እጃቸው አንሥተው እንደ ሕፃን ልብስ ቀስ አድርገው አጣጠፉት። ከዚያ ሁለታችንም እስኪበቃን አለቀስን። ሲሄዱ ቡናማውን ለብሼ ታክሲ ድረስ ሸኘኋቸው፤ ጎረቤቶችም «እሰይ፣ ደግ አደረግሽ» አሉኝ።

ሰኞ ፋብሪካ ስገባ ኮሌታ የምትሰፋው ልጅ ወልዳ ቀርታለች። እሷን የሚተካ ሰው የለኝም። እንዲህ ሲሆን የእሷን ሥራ አንድ ሰው ላይ አልጭንም፤ ግራና ቀኝ ያሉትን ትንሽ ትንሽ አስጠጋቸዋለሁ፣ ሁሉም ከጎኑ ካለው ጥቂት ይነካለታል፣ መስመሩም ይሄዳል። ስንት ዓመት የሠራሁት ነገር ነው። ምሳ ላይ ያንተን ስልክ ከፈትኩና ሠራተኞቼ ላይ የማላደርገውን ለምን ሽማግሌው ላይ አደርጋለሁ አልኩ። ዞን የሚሉት መከላከል ይኸው ነው፤ ሰው አትይዝም፣ ቦታ ትይዛለህ፣ ጎንህ ያለው ሲሳብ አንተ ትጠጋለታለህ። ድር ቢያብር የሚለውን ተረታችንን ነው ሌላ ስም ያወጡለት።

መጀመሪያ በወዳጅነት ጨዋታ ሞከርኩት። ሁለቱን ከፊት፣ ሦስቱን ከኋላ አደረግኩ። ቅርጫታችን ሥር ዝንብ አላለፈም፤ ግን ከሩቅ እየወረወሩ ጨረሱን። የስሎቬንያው ሰውዬም ከሩቅ የሚወረውሩ ልጆች እንዳሉት አንተው ነግረኸኝ ነበር። ስለዚህ ገለበጥኩት፤ ሦስቱ ፈጣኖች ከፊት ሆነው ወርዋሪዎቹን እንዲያስጨንቁ፣ ሁለቱ ከኋላ እንዲቀሩ። ሽማግሌውን ከቅርጫቱ ሥር አቆምኩት። ከእንግዲህ ማንንም አታሳድድ፣ እጅህን አንሣና ቁም አልኩት። የማስቀመጫውን ቁልፍ ከመጫኔ በፊት ስምህን ጠራሁ። ከዚያ ተጫንኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት ስልኩን ይዤ ኢምፔሪያል እናትህ ቤት ሄድኩ፤ ብቻዬን ማየት ፈርቼ ነው። አደይ መነጽራቸውን አድርገው ጎኔ ተቀመጡ። በስልኩ የሚታይ ሰው የለም፣ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚወርደው፤ እኔ በአማርኛ እየመለስኩ አነብላቸዋለሁ። «የክፍሎም የትኛው ነው?» አሉኝ። ከቅርጫቱ ሥር የቆመው፣ ዕድሜው የገፋው፣ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ለሌሎቹ ግድ አልነበራቸውም። ወረወሩ፣ ሳቱ፣ ኳሱን ሽማግሌው ያዘው ባልኩ ቁጥር «እሰይ፣ እግዚአብሔር ያቁምህ» ይሉታል። ግማሹ ላይ እየተመራን ነበር። ቆይተን ደረስንባቸው። መጨረሻ ላይ በሦስት ነጥብ እየመራን ሳለ ሰውየው ከሩቅ አስወረወረ፤ አነበብኩ፣ ስቷል፤ ቀጥዬ አነበብኩ፣ ኳሱን ሽማግሌው ይዞታል። አለቀ። አልወረድንም።

አደይ ሳቁ፣ ክፍሎሜ። ካንተ በኋላ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። እኔም ሳቅሁ። እየሳቁም መነጽራቸውን አወለቁና ልክ ከሥራ እንደምትመለስ ሁሉ «ለክፍሎም ማን ይነግረዋል?» አሉኝ።

ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ራሳቸው ሰሙት።

እኔ እነግረዋለሁ፣ አልኳቸው።

ስለዚህ ነው የጻፍኩልህ። እስካሁን አንተ ያስቀመጥከውን ባለመንካት የማስታውስህ መስሎኝ ነበር፤ ከእንግዲህ ግን በዚህ ቤት ደግ ነገር ሲሆን መጀመሪያ ለአንተ በመንገር አስታውስሃለሁ። ዓመትህ ሲደርስ ከአደይ ጋር ሚካኤል ደጅ ቆመን ስምህን እናስጠራለን። ስምህ ሲጠራ፣ ያላወቅከው አንድም መልካም ወሬ እንዳይኖር አድርጌ እቆምልሃለሁ።

በሦስት ነጥብ አሸንፈናል፣ ክፍሎሜ።

ሚስትህ ሮማን