ያልጠወለገ ማገጥ

ረቡዕ፣ ነሐሴ 30

ሳማው ጓንቱን አልፎ ለበለበኝ። ጓንት ያልኩት የአባዬን አሮጌ ካልሲ ነው። እስከ ክርኔ ቀልቶ ያቃጥለኛል፤ ይህንንም የምጽፈው እያከክሁ ነው። እማዬ ካረፈች ወዲህ ሁለት ክረምት ጓሮውን ማንም አልነካውም። አባዬ እግራቸውን ስለሚያማቸው በመስኮት ያዩታል እንጂ አይወርዱበትም። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ታይፕ ስመታ ውዬ ድክም ብሎኝ ነው የምገባው። ጓሮው ይህን አውቆ ጫካ ሆነ።

ቀበሌው ግን አልረሳንም። እስከ ጳጉሜን 5 ያልጸዳ ጓሮ እንዳልለማ ቦታ ተቆጥሮ ለቀበሌው የአትክልት ማኅበር ይሰጣል ተብሏል። ሊቀመንበሩ አጥራችን ጋ ቆሞ ከጌሾው እስከ ግራዋው ድረስ በእስክሪብቶ አሳየኝ፤ የራሴን ጓሮ ለእኔ! አባዬ ያን ጌሾ የተከሉት እኔ ሳልወለድ ነው። "እሱን ከወሰዱት እዚህ መስኮት ላይ ምን እሠራለሁ?" አሉኝ። ከዓመት ፈቃዴ ላይ ቀናት ወስጃለሁ።

ሐሙስ፣ ጳጉሜን 1

መቁረጡስ ተቆረጠ። የተቆረጠውን የት ላድርሰው?

ማቃጠል፦ ሞከርኩ። ግማሽ ጠርሙስ ላምባ ጨረስኩ። ዝናብ የጠጣ ነገር የት ይነዳል፤ ጭስ ብቻ። ሰፈሩ ሁሉ አሳለ።

ቦረቦሩ፦ ድሮ ሁሉም የሚጥልበት ነው። ዘንድሮ የአብዮት በዓል ሰልፍ በዚያ ስለሚያልፍ ተከልክሏል። ጥበቃ ቆሞበታል።

መንገድ ዳር፦ ጭራሽ።

ጋሪ፦ ጎረቤታችን ከድር ባለጋሪ ነው፤ እምቢ ማለት አያውቅም። ለመንኩት። ጋሪው እስከ በዓሉ ድረስ ለቀበሌው ድንጋይና ኖራ ያመላልሳል። ቢለቁኝማ ዛሬውኑ አወጣልሽ ነበር ብሎ አንገቱን አቀረቀረ።

አሮጌው የሽንት ቤት ጉድጓድ፦ ይኸኛው ተሳካ። ሳማውን፣ እሾሁን፣ ቅርንጫፉን እየረገጥኩ ጠቀጠቅሁበት። እስከ አፉ ሞላ። ትንሽ ድል ናት፣ ትጻፍልኝ።

የቀረው ሳሩ ነው። ሳር ልበለው እንጂ አብዛኛው ባለ ሦስት ቅጠሉ ማገጥ ነው፤ ለምለም፣ ውሃ ያዘለ። ክምሩ በቁመት ይበልጠኛል።

ዓርብ፣ ጳጉሜን 2

አዴ ፋጡማ ወንድማቸው ሞቶባቸው ጢቾ ሄዱ። አጥር የምንጋራቸው እሳቸው ናቸው። ላማቸውን ለእኔ አደራ ሰጡኝ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ገለባው በረቱ ውስጥ አለልሽ። ጠዋትና ማታ ስጫት፣ ውሃ አትርሺ፤ ለዐውደ ዓመት እደርሳለሁ" አሉ። ነጥፋለች፣ ማለብ የለብኝም። ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል።

ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት በዚህች ላም ነው። እማዬ ታማ በተኛች ጊዜ ሦስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ በጣሳ ወተት ያመጡልን ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ዋጋ አላነሱም። ለእሳቸው ላም ገለባ ማቅረብ ምን ቁም ነገር አለው።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 3

ሊቀመንበሩ መጣ። ክምሩን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። ጓሮው ንጹሕ ነው አልኩት። "ቆሻሻው ከግቢ ካልወጣ ጸዳ አይባልም። ሰኞ ጠዋት አያለሁ" አለኝ። የት ላውጣው አልኩ። እሱ የእኔ ሥራ አይደለም አለና ሄደ። መጣያውን የከለከለ ሰው መጣያ ማሳየት ሥራው አይደለም!

እራት ላይ ለላሚቱ ብሰጣትስ አልኳቸው አባዬን። "ደግ ነው። ግን ማገጥ ነው፣ እርጥቡ ከብት ይነፋል። አስጥተሽ ይጠውልግ፤ ከዚያ ከገለባው ጋር ትንሽ ትንሽ" አሉኝ። እሺ አልኩ። ፀሐይ በሌለበት በምን ይጠወልጋል?

እሑድ፣ ጳጉሜን 4

መጻፍ አልፈልግም። እጽፋለሁ።

ጠዋት፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ማገጡን በእቅፍ በእቅፍ እየተሸከምኩ በረቱ ውስጥ ሞላሁላት። አባዬን አልጠየቅሁም። ላሚቱ ቀና ሳትል በላች። ክምሩ ሲጎድል ደስ አለኝ። ሊቀመንበሩን እያሰብኩ ለብቻዬ ሳቅሁ። ያን ሳቅ አልረሳውም።

ረፋድ ላይ ውሃ ይዤ ስመለስ ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ምላሷን አውጥታ ታቃስታለች። ስጮህ አባዬ በምርኩዝ እየተንገዳገዱ መጡ። አንዴ ላሚቱን አዩ፣ አንዴ ማገጡን አዩ። ዘይት አምጪ ብቻ አሉ። ከቀበሌ ሱቅ ለበዓል በካርድ ያወጣሁትን ዘይት እንዳለ አጋትናት። ምንም አልፈየደላትም። "ጎኗን ወግቶ የሚያስተነፍሳት ከድር ነው፣ እሱ ያውቅበታል። ካልሆነም ሳትሞት እሱ ይረዳት። እኔ ባርዳት አዴ ፋጡማ አይቀምሷትም" አሉ።

ሮጥኩ። ከድር ሜዳው ላይ ባንዲራ ይዞ ሰልፍ ይለማመዳል። ሊቀመንበሩን ለመንኩት። ሰዓቱን አየና "ልምምዱ ሲያልቅ ትወስጂዋለሽ" አለኝ። ላም እየሞተች ነው አልኩ፤ ሰልፈኛው በሙሉ ሰማ። ማንም ቀና አላለም፣ ከድርም መሬት መሬቱን ያያል። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ ጠበቅሁ። ጎትቼ ባወጣው ኖሮስ? ማን ይደፍራል፣ እኔም አልደፈርኩም።

ሲለቁት አብረን በረርን። አባዬ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። "አልደረሳችሁም" አሉ። ከድር ቢላዋውን ከሰገባው ሳያወጣ ቆሞ ቀረ። የሞተ አይታረድም። ሥጋዋ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ሳይሆን ቀረ። ሆዷ ውስጥ ያለውም እንዲሁ።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 5

ለሳር የጠፋው ጋሪ ለበድን ተገኘ። በበዓል እንዳትሸት ብሎ ሊቀመንበሩ ራሱ ከድርን በማለዳ ላከው። ወዴት ቢሉ ወደ ቦረቦሩ! ጥበቃው ፊቱን አዞረ። ስድስት ሰዎች ጫኗት። መንገደኛ እንዳያያት የተረፈውን ማገጥ ሁሉ ላይዋ ላይ አለበስናት።

እንግዲህ ጓሮዬ ጸዳ። ሊቀመንበሩ መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየና "አየሽ፣ ከፈለጉ ይቻላል" አለኝ። መዝገቡ ላይ ምልክት አደረገ። ጓሮው የእኛ እንደሆነ ይቀጥላል ማለት ነው። ለአባዬ ነገርኳቸው። መስኮቱን ዝጊልኝ አሉ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 1

አዴ ፋጡማ ደረሱ። በረቱን ከማየታቸው በፊት በር ላይ ጠብቄ ላሚቱ ሆዷ ተነፍቶ ሞተች አልኳቸው። ይህን ብቻ። ውሸት አይደለም፤ ከውሸት ግን ይብሳል። ወገባቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። ከወንድማቸው ለቅሶ ነው የመጡት፣ ዓይናቸው ገና አላረፈም። እጄን ያዙኝ። "ረቢ ያመጣውን አንቺ ምን ታደርጊዋለሽ፣ አይዞሽ" አሉኝ። እኔን ያጽናናሉ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባዬ ከመስኮቱ ሰምተው ኖሯል። ካልነገርሻቸው እኔ እነግራቸዋለሁ አሉኝ። ነገ አልኩ። ፈሪ ነኝ።

ረቡዕ፣ መስከረም 2

ሰልፉ አለቀ፣ ንግግሩ አላልቅ አለ። ሊቀመንበሩ የአርአያ ግቢዎችን ስም ያነብ ጀመር። የእኔ ሦስተኛ ነበር። ወጥቼ ቆምኩ፣ ወረቀት ሰጡኝ። ተጨበጨበ። ሰው ሁሉ ግዴታውን ነው የሚያጨበጭበው። አዴ ፋጡማ ግን ከልባቸው ነበር። በሐዘን ልብሳቸው፣ እጃቸውን ከሰው ራስ በላይ አንስተው፣ የእኔን ደስታ ብለው።

አብረን ተመለስን። በራቸው ላይ ስንደርስ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማገጡ እርጥብ እንደነበር፣ አባዬ ይጠውልግ እንዳሉኝ፣ እኔ ክምሩ እንዲያልቅልኝ ብዬ በጧት እንደሞላሁላት። ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

"ጠዋት ነግረሽኝ ቢሆን አላጨበጭብልሽም ነበር" አሉ። ገብተው በሩን ዘጉት።

አባዬ "አዴ ፋጡማ ምን አሉ?" ብለው ጠየቁኝ። ደብተሬን ይዤ ተቀመጥኩ። ይህን ስጽፍ ከአጥሩ ወዲያ ድምፅ ይሰማኛል፤ ባዶውን በረት እየጠረጉ ነው። መጥረጊያ ይዤ ልሂድ ወይስ ልተዋቸው፣ አላውቅም።