ጠበሉ ሐኪም ቤት ሲደርስ

ጎንደር፣ ኅዳር ፲፱፻፵፰ ዓ.ም.

ወዳጄ ወልደ ዮሐንስ፣

በዚህ ካርድ ላይ ያለውን ግንብ እኔም ያየሁት በካርዱ ላይ ብቻ ነው፤ ወባ ይዞኝ ሐኪም ቤት ተኝቻለሁ። የአልጋ ጎረቤቴ አያ አላምረው የሚባሉ የጭልጋ ገበሬ ነበሩ። የእግራቸው ቁስል መርቅዞ ሐኪሙ ፔኒሲሊን ቢያዝላቸው፣ «መርፌ ከነካኝ ጠበሉ አይሠራልኝም» አሉ።

ነርሷ ስንዱ «ጠበሉን እዚሁ ባስመጣልዎስ፣ አያ?» አለቻቸው።

«ምነው፣ ቄስ ሆንሽ እንዴ?»

እሷ ግን ሐኪሙንም የአጥቢያውን ቄስም ለምና አስማማች። እኛ ዘንድ አዲስ አበባ ሁለቱ ሰላምታ እንኳ የላቸውም።

ዛሬ ቄሱ ጠበሉን በቅል ይዘው፣ ስንዱ መርፌዋን ቀቅላ ሲመጡ አልጋው ባዶ ነበር። አያ አላምረው «ልጅቱ ልታባብለኝ ነው፤ ቄስ እዚህ ምን ሊሠራ ይመጣል?» ብለውኝ ማልደው በበቅሎ ወደ አገራቸው ሄደዋል። ብለምናቸውም አልሰሙኝም። ቄሱ «ከመጣሁ አይቀር» ብለው ጠበሉን እኔን ረጩኝ። ስንዱ በመስኮት ወደ ጭልጋ የሚወስደውን የአይከልን መንገድ ታያለች። ቢከተሏቸው ይደረስባቸው ነበር፤ ሐኪም ቤቱ ግን በቅሎ የለውም።

ቦታው አለቀብኝ፤ እናትህንና ልጆችህን ሳምልኝ። የሽማግሌው እግር ከሐሳቤ አልወጣም። የኔን ጸሎት ታውቀዋለህና አንተ ጸልይላቸው።

ያንተው ቢያዝን