ሰው ያልተቀመጠበት መኪና

ዳንግላ፣ መጋቢት 2010 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አማቴ፣

እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የግምጃ ቤት ጭጋግ ማለዳ ማለዳ ደረትዎን አላፈነዎትም? ጥቁሯ ላምስ ወለደች ወይስ አሁንም ታስጠብቅዎታለች? እኔ በፈጣሪ ቸርነት ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ አስተምራለሁ።

ደጋግመው እንደደወሉልኝ አይቻለሁ። ያላነሳሁት ጠልቼዎት እንዳይመስልዎ። ነገሩን በስልክ ብጀምረው ኔትወርኩ መሃል ላይ ይቆረጥና ግማሹን ሰምተው ግማሹን ሲያብሰለስሉ ያድራሉ ብዬ ነው። በመሠረተ ትምህርት የለመዱት ፊደል ዛሬ ይጥቀምዎ። ሌላ ሰው እንዳያነብልዎ ብዬ ጽሕፈቴን አግዝፌዋለሁ፤ መነጽርዎን ያድርጉና ብቻዎን ሆነው ያንብቡት።

ሰዎች ምራትሽ ለምን ቤቷን ጥላ ሄደች ብለው ሲጠይቁዎ፣ በመኪና ተጣልተው ነው እያሉ እንደሚመልሱ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ በመኪና ነው። ግን ልጅዎ አሳምነው እንደነገረዎ አይደለም። «ለምን ቶዮታ አልገዛህም ብላ አስጨነቀችኝ» ብሎዎታል አሉ። ይህን ስሰማ ሳቅም እንባም አልመጣልኝም፤ አቅለሸለሸኝ እንጂ። በዚያ ሰሞን እንዲያውም ሁሉም ነገር ያቅለሸልሸኝ ነበር።

እኔ ስለ መኪና ምንም ብዬ አላውቅም። የተከራከሩት እሱና ጓደኛው ደጉ ናቸው። ደጉን ያውቁታል፤ ከእንጅባራ ባሕር ዳር ሚኒባስ የሚነዳው ረጅሙ ሰውዬ። መኪናው ከመገዛቱ በፊት ቤታችን ድረስ መጥቶ ለመነው። «አሮጌ ቶዮታ ግዛ። ብዙ የተነዳ ቢሆንም ግድ የለም። መለዋወጫው የትም ይገኛል፣ የትኛውም መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራዋል። ጠግበህ ነድተኸው ስትሸጠው በገዛህበት ይሄድልሃል፣ እንዲያውም ያተርፍልህ ይሆናል» አለው። አሳምነው ግን በዚያው ዋጋ እዚሁ አገራችን የተገጣጠመ አዲስ አውቶሞቢል፣ ዜሮ ዜሮ፣ አገኛለሁ ብሎ ቆርጦ ነበር። «የባዕድ ሽማግሌ ሲቀመጥበት የኖረ ወንበር ላይ አልቀመጥም። የኛ ልጆች በእጃቸው የገጠሙትን ትቼ የሰው አገር ትራፊ የምገዛው ምን ሆኜ ነው?» አለ። አልዋሽዎትም፣ ያን ዕለት ኮርቼበት ነበር። አገሩን የሚወድ ባል አለኝ ብዬ።

እርስዎም ለከሰል ብለው ከጓሮዎ ያለሙትን ዛፍ አስቆርጠው ሸጠው አገዙት። ባሕር ዳር ወስዶ ዓይኔን ያሳክመኛል ብለው እንደነበር ትዝ ይለኛል። መኪናውን ሊያስመርቅ ግምጃ ቤት ይዞት የመጣ ዕለት ግን ምን አደረገ? እርስዎ የበዓል ቀሚስዎን ለብሰው ሲወጡ ጫማዎ ላይ ጭቃ አየና ሁለት ፌስታል አምጥቶ እግርዎ ላይ አሰረ። እናቱን! እርስዎ ሳቁ። ጎረቤቱ ሁሉ እያየ፣ ፌስታልዎ እየተንሿሿ፣ ፋብሪካ ያለበሰው ላስቲክ ባልተገፈፈበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አድርሶ መለሰዎት። ዓይንዎ ግን እስከ ዛሬ አልታየም።

ነገሩ የባሰው ባሕር ዳር አንድ ደላላ ካነጋገረ በኋላ ነው። ብሸጠው ስንት ያወጣል ብሎ ቢጠይቀው፣ ደላላው መኪናውን አንድ ጊዜ ዞሮት «ወንድሜ፣ ይህ ዋጋው የወደቀው ከግቢው ስታስወጣው ነው። ቶዮታ ቢሆን ገዥው ራሱ ፈልጎ ይመጣልህ ነበር፤ ይህን ግን ገዥ ፍለጋ የምትዞረው አንተ ነህ» አለው። ከዚያ ቀን ወዲህ አሳምነው መኪና መንዳት ትቶ መኪና መጠበቅ ጀመረ። ኪሎ ሜትሩ እንዳይጨምር በባጃጅ ሥራ ይሄዳል። አውቶሞቢሉ ግቢ ውስጥ እንደ ሬሳ ተሸፍኖ ይቆማል። ጎረቤት ታሞ ሲለምኑት ባትሪው ሞቷል ይላል። እኔ በሩን ትንሽ ጠንከር አድርጌ ከዘጋሁት ፊቱ ይለዋወጣል። አልጋችንን፣ ቴሌቪዥናችንን፣ የበጎቹን ግልገል ሳይቀር «ሲሸጥ ስንት ያወጣል?» እያለ ነበር የሚያየው። ያ ስለ አገሩ ልጆች እጅ ሲያወራ የነበረ አፍም ተገልብጦ «የአበሻ ሥራ፣ ምን ይጠበቃል!» ማለት ጀመረ። እንግዲህ መኪናው አንድ ቀን እንኳ ተበላሽቶበት አያውቅም። መጀመሪያ ያሞገሳቸው ሠራተኞች ምን አጠፉ? የገጠሙለትን ገጠሙለት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት እርስዎ ዘንድ ውለን ከሰዓት በኋላ ወደ እንጅባራ ወደ ቤታችን ተመለስን። መኪናውን ያወጣው በማግሥቱ አስማረ የሚባል ነጋዴ ከቻግኒ ሊያየው ስለሚመጣ፣ ሞተሩ እንዲፍታታ ብሎ ነው። ከግምጃ ቤት ወጥተን ድልድዩን እንዳለፍን አንድ ጋሪ መንገዱን ይዞ አገኘን። ፈረሱ አረፋ ደፍቋል። ከላይ ጎረቤትዎ እትዬ ደብሪቱ የልጃቸውን የምህረቴን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ምጥ ይዟት፣ ደሙ አልቆም ብሎ፣ አምቡላንሱ ወደ አዘና በኩል ወጥቷል ቢሏቸው በጋሪ ወደ እንጅባራ ሆስፒታል እየሮጡ ነው። የጋሪው ወለል ቀልቷል። ባሏ ቢሻው ፈረሱን ትቶ መሃል መንገድ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመብን።

አሳምነው ቆመ። መስታወቱን ጣት የምታስገባ ያህል ብቻ ዝቅ አደረገ። እትዬ ደብሪቱ ከጋሪው ላይ ሆነው «አሳምነው ልጄ፣ እግዜር ነው ያመጣህ፣ ምህረቴ እየፈሰሰችብኝ ነው» አሉ። እሱ ምን ብሎ መለሰ መሰለዎ? «መኪናው ተሽጧል እማማ፣ የሰው ንብረት ነው፣ ነገ ነው የማስረክበው» አላቸው። እትዬ ደብሪቱ አማርኛው አላደርስ አላቸው መሰለኝ በአገውኛ መጮህ ጀመሩ። አሳምነው ወደ እኔ ዞሮ «ምንድን ነው የሚሉት?» አለኝ። አፉን የፈታበትን ቋንቋ! እኔ እናንተ ቤት ከገባሁ በኋላ የለመድኩትን ቋንቋ እሱ እኔን ጠየቀኝ። «እናትህ ታማ በተኛች ጊዜ ጡቴን አጥብቼሃለሁ እያሉህ ነው» አልኩት።

ወደ ፊት ለፊቱ እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደም ከወንበር አይለቅም። ነገ ሰውየው በሩን ሲከፍት ምን ልበለው?» አለኝ።

በሩን ከፍቼ ወረድኩ። ወዴት ነሽ አላለኝም። በሩን በኃይል ስዘጋው ብቻ «ቀስ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ቢሻውን በጎን አልፎ፣ የጋሪው ጎማ መኪናውን እንዳይጭረው ተጠንቅቆ፣ ሄደ።

ከጋሪው ጎን እየሮጥኩ የምህረቴን እጅ ያዝኩ። እጇ ይቀዘቅዝ ነበር። ቢሻው ፈረሱን እየገረፈ ያለቅሳል። ከብዙ ሩጫ በኋላ ድንች የጫነ አይሱዙ ከኋላችን መጣ። ሹፌሩ አስቻለው ይባላል፤ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ጋሪውን እንዳየ ሳንለምነው ነው የቆመው። ቀና ብሎ ጭነቱን አየና የላይኛዎቹን ጆንያዎች ራሱ እየጎተተ መንገድ ዳር ጣላቸው፤ ቢሻው እዚያ ወጣ። ምህረቴን ከእናቷና ከእኔ ጋር ጋቢና አስገባት። ጃኬቱን አውልቆ አነጠፈላት። ወንበሩ በደም ሲርስ ዞር ብሎ እንኳ አላየውም፤ እኔን ብቻ «እህቴ፣ እንዳትተኛ አናግሪያት» አለኝ። ዓይኗን እንዳትከድን ስሟን እየጠራሁ እንጅባራ ደረስን።

የሆነውን ያውቁታል። ምህረቴ ተረፈች። ሕፃኗ ግን ሳታለቅስ ተወለደች። አዋላጇ እጇን እየታጠበች «ትንሽ ቀደም ብትሉ ኖሮ» አለችና ዐረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ተወችው። እትዬ ደብሪቱ ሕፃኗን አጥበው በነጠላቸው ጠቀለሏት። ፀጉሯ ጥቁርና ብዙ ነበር።

አሳምነው ሲመሽ ሆስፒታሉ በር ላይ መጥቶ ቆመ፣ በመኪናው። ቀሚሴ ከወገቤ በታች በደም ደርቋል። እንዴት ሆነች ብሎ ከመጠየቁ በፊት ከኋላ ሄዶ የማዳበሪያ ከረጢት አወጣና ወንበሩ ላይ አነጠፈ። «እዚህ ላይ ተቀመጪ» አለኝ። በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። እሱ ከኋላዬ መብራቱን አብርቶ ቀስ እያለ ይነዳ ነበር። ሰው ቢያየን የሚሳሳልኝ ይመስለው ይሆናል።

በማግሥቱ ነጋዴው መጣ። አሳምነው ሽፋኑን ገፎ፣ በሮቹን ከፋፍቶ፣ «ላስቲኩ እንኳ አልተነሳም፣ ሰው ያልተቀመጠበት መኪና ነው» እያለ ያስጎበኘዋል። አስማረ ጨዋ ሰው ነው፤ ወደ እኔ ዞር ብሎ «እውነቱን ነው እመቤት?» አለኝ ፈገግ ብሎ። «እውነቱን ነው» አልኩት፤ «ሰው አላስቀመጠበትም»። ሰውየው ግራ ገብቶት ሁለታችንንም አየ፤ የሰጠው ዋጋ ግን ደላላው እንዳለው የወደቀ ሆነ። ቶዮታ ቢሆን ኖሮ አልከራከርህም ነበር ብሎት ሄደ። አሳምነው ጎማውን በእርግጫ መታና እንደ ልማዱ አገሩን መስደብ ጀመረ። እኔም በዚያ መንገድ ላይ አልንቀሳቀስ ያለው ሞተሩ እንዳልሆነ ነገርኩት። አልገባውም። ወይም እንዳልገባው ሆነ።

ያን ቀን ነው እርስዎ የደወሉለት። የስልኩን ድምፅ ለቆ ስለሚያወራ እኔም ሰማሁ። «አምቡላንስ ልጠራ ቀድሜ ሮጬ ነው እማ፣ ኔትወርክ እስካገኝ ድረስ» አለዎት። እርስዎ መረቁት። ረጅም ምርቃት ነበር። እሱ አሜን፣ አሜን እያለ በጨርቅ መስታወቱን ይጠርጋል።

አማቴ፣ እሱ የጠራው አምቡላንስ አልነበረም። እትዬ ደብሪቱም ይህን ያውቃሉ። ልጠይቃቸው በሄድኩ ጊዜ እጄን ይዘው «ለእሷ እንዳትነግሪያት፣ ልጇ ነው፣ ትሞትብኛለች» ብለው አማሉኝ። እኔም ቃሌን ጠብቄ የሥራ ዝውውሬን ጠይቄ ዝም ብዬ ወደ ዳንግላ መጣሁ። ማንንም ሳላማ እኖር ነበር።

ግን ባለፈው ምህረቴ ደውላ የጥምቀትን ነገር ነገረችኝ። አሳምነው ሲመጣ እርስዎ እትዬ ደብሪቱን አስጠርተው፣ ልጄ ባይሮጥ ልጅሽን ትቀብሪ ነበር፣ አመስግኝው እንጂ፣ አሏቸው አለች። እሳቸውም ጠላ ይዘው መጥተው፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው፣ አመሰገኑት። እሱም ተቀበለ። ጠላውን ጠጣ። ጡታቸውን በጠጣበት አፉ ጠጣው። ከዚህ በኋላ መሐላዬን መጠበቅ አልቻልኩም። በእኔ ላይ እግዜር ይፍረድ፤ እርስዎን የዋህ ሆነው በዚያች ሴት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲሠሩ ዝም ብዬ ማየት ግን ከአቅሜ በላይ ሆነ።

እርስዎን አልወቅስም። እናት ልጇን ታምናለች። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ ይህን ካነበቡ በኋላ ወደ እትዬ ደብሪቱ ይሂዱ። ምን እንደሚሏቸው እርስዎ ያውቃሉ።

መኪናው አሁንም ግቢው ውስጥ ተሸፍኖ እንደቆመ ደጉ ነግሮኛል። ገዥ በመጣ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል አሉ። እሱ ላስቲኩን እንዳይቀደድ ይጠብቅ።

አሳምነው ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር፤ እርስዎም ሊልኩ እንዳሰቡ ሰምቻለሁ። ይቅርብዎ። እኔ እዚህ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ፣ ከሆስፒታሉ አጥር አጠገብ። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ኪራዩም ከሌላ ሰፈር ይወደዳል፤ ግን ከደጄ እስከ ሆስፒታሉ በር በእግር ቢሄዱት ትንፋሽ አይቆርጥም። አከራዬ ፀጋነሽ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናት፣ ደግ ሰው ናት። «በማንኛውም ሰዓት ግድግዳውን አንኳኪ» ብላኛለች።

እርስዎ ግን እንዳይቀሩብኝ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሳያግድዎ በሚኒባስ ይምጡና ጥቂት ሳምንት አብረውኝ ይሰንብቱ። ሲመጡ በእጅዎ ያዘጋጁትን የገብስ ገንፎ ዱቄት፣ ቅቤም ካለ ትንሽ፣ ይያዙልኝ። የገበያው አይጥመኝም። እልልታዎንም ይዘው ይምጡ፤ እዚህ እንደርስዎ የሚያሰማ ሰው አላገኘሁም።

ፈጣሪ ዓይንዎን ያብራልዎ፣ ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ ደጅዎን ከክፉ ይጠብቅልዎ። እስከ ሐምሌ ድረስ በጤና ያቆይዎት።

ልጅዎ