ለፐግስሊ ገረድ የለኝም

ማርች 4፣ ብሪዝበን

መርከቧ ገባች። መንግሥት የጉዞ ወጪያቸውን ችሎ ከአየርላንድ ያመጣቸው ልጃገረዶች ማረፊያውን ሞልተውታል። ቀጣሪዎቹ ገና በጠዋቱ በሩ ላይ ተኮልኩለዋል። የኔ ሥራ ማስቀጠር ነው... ይሄ ማስቀጠር ከተባለ። ፐግስሊ፣ ባለብዙ በጉ፣ የፓርላማው ሰው፣ የአንዷን አገጭ ያዘ።

"ጥርስሽን ልየው።"

"ሲጨርሱ እኔ ደግሞ የእርስዎን አያለሁ" አለችው። ሆኖራ ትባላለች።

ሰዉ ሳቀ። እሱ ጭራሽ ወደዳት። "ይህቺን ጠቅልልልኝ!" እንደ ሥጋ! ሌላ ቀን ይምጡ አልኩት።

ማርች 5

ሆስፒታል ሄጄ ኤለንን አየኋት። እዚያ ልብስ አጣቢ ናት። አምና ፐግስሊ ቤት ተቀጥራ፣ ክንዷ ተሰብሮ፣ አርግዛ፣ ከቤቱ ጠፍታ ወደ ማረፊያው መጣች። ፖሊስ "ምስክር አለሽ?" ብሎ ሸኛት። ሕፃኑም አልቆየላትም።

"የምተኛበት ክፍል መቀርቀሪያው በውጭ ነበር" አለችኝ።

ማርች 6

አለቃዬ ሊጄት አስጠራኝ።

"ልጅቷን ለምን ከለከልከው?"

"የኤለንን ነገር ያውቃሉ።"

"እሱ አበቃ እኮ! አንተ ብቻ ነህ ጻድቁ? ሥራ እምቢ ያለች ከማረፊያው ትውጣ!"

ብስኩቱን ሻይ ውስጥ ነከረ። ፍርፋሪው ጢሙ ላይ ቀረ። ይህን ጢም እያየሁ ስንት ዘመን "እሺ ጌታዬ" አልኩ?

ማርች 7

ፐግስሊ ጋሪውን ይዞ መጣ። ሁሉም ባለበት ተነሥቼ ተናገርኩ። የኤለንን ክንድ፣ መቀርቀሪያውን፣ ሁሉንም። "ለዚህ ሰው ገረድ የለኝም!"

"ከእንጀራህ ነው የተጣላኸው!" ብሎ ወጣ።

ቀጣሪዎቹስ? ባርኔጣቸውን አዩ። አንድ ሰው እንኳ "እውነት ነው ወይ?" አላለም። ያውቁ ነበር ማለት ነው... ቱ!

ከቀጣሪዎቹ መሃል አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ብቻ መጥታ የሆኖራን እጅ ያዘች። "ነይ ከኔ ጋር።"

ማርች 10

ተባረርኩ።

ጁን 2

ሌላ መርከብ። አልሄድም ብዬ ነበር፤ እግሬ ወሰደኝ። ወንበሬ ላይ የሊጄት የእህት ልጅ ተቀምጧል። ፐግስሊም ማንም ሳይነካው ጋሪውን አቁሞ ይጠብቃል። አፈር ይብላ!

በሩ ፊት ለፊት ግን ሁለት ሴቶች ቆመዋል። ሆኖራና ኤለን። ያን ቀን ከኔ የሰማችውን ይዛ ሆኖራ ፈልጋ አግኝታት መሆን አለበት። የምትናገረው ኤለን ናት፣ ለምታልፈው ልጅ ሁሉ።

"ያ ሰውዬ ፐግስሊ ይባላል። ክንዴን የሰበረው እሱ ነው። እንዳትሄጂ።"

ፖሊሱ "ዞር በይ!" አላት።

"መንገድ ላይ ነው የቆምኩት" አለችው፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው።

ጋሪው ባዶውን ተመለሰ።

ነገ መጥቼ አግዝሻለሁ አልኳት ኤለንን።

"ይምጡ" አለችኝ። "ግን የምናገረው እኔ ነኝ።"