ለአምስት ጥቁር ፊደላት ሦስት ጣት

ለተከበሩ የተሽከርካሪ መመርመሪያ ጣቢያ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ ጣቶችዎ? አሥሩም በየቦታቸው እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ቤት የወንድሜ ሰባቱ ደህና ናቸው፤ ሦስቱ ጄሶ ውስጥ ሆነው ሰላም ይሉዎታል።

ይህን የምጽፍልዎ የቀለም ረጪው ታናሽ ወንድም ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁት በመስኮት ስለሆነ የአጻጻፍ ጉድለት ቢያገኙብኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ብቻ እርማቱን ጣቴ ላይ እንዳይሠሩት።

ላላወቀ አንባቢ ላስረዳ። የወንድሜ ሥራ መኪና ላይ የሚያብለጨልጩትን የኒኬል አርማዎችና ፊደላት ጥቁር ማድረግ ነው። በእህታችን የፀጉር ማድረቂያ ያሞቃቸዋል፣ በክር ከሥራቸው ያላቅቃቸዋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋቸዋል፣ ጥቁር ቀለም ነፍቶ መልሶ ይለጥፋቸዋል። የአባታችንን አሮጌ መኪናም እንዲሁ አስውቦ፣ ያለፈው ማክሰኞ ጠዋት ለዓመታዊ ምርመራ ወደ እርስዎ ይዞት መጣ፤ እኔም ከጎኑ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ የአንድ ትልቅ ሰው ሥራ ስለሚጠብቀው ቸኩሏል። ምስጋናዬ ከዚህ ይጀምራል።

፩. በሩ ላይ «የመኪና አርማ ቀለም መቀየር ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ስለለጠፉልን እናመሰግናለን። ሙጫው ገና እርጥብ መሆኑን ነክቼ አረጋግጫለሁ። ሕግ ትኩስ ትኩሱን የምናገኘው እርስዎ ዘንድ ብቻ ነው።

፪. መዶሻ ከእጁ ስለማይለይ እኛም «መዶሻው» ብለን ስለምንጠራው ረዳትዎ ትጋት እናመሰግናለን። የኋላውን አምስት ፊደላት በካቻቪቴ ሲፈለቅቅ የመኪናውን ቀለም እስከ ቆርቆሮው ድረስ አብሮ አነሳው። ወንድሜ «ጋሼ፣ ቆይ እስቲ፣ እኔ በክር ላውጣልዎት፣ አባቴ ያለቅሳል» ብሎ እጁን ፊደላቱ ላይ ዘረጋ። ረዳትዎ ቃል ማባከን ስለማይወድ በመዶሻ መለሰለት። አንዴ ቢሆን ስቶት ነው እንል ነበር፤ ሦስት ጊዜ በመሆኑ ግን ጥንቃቄውን አድንቀናል፤ ማንኛዋም ጣት ቅር እንዳይላት ለእያንዳንዷ አንድ አንድ አዳረሰ። አጥንት ሲሰበር እንደ ደረቅ ጭራሮ እንደሚጮህም ያን ቀን ተማርኩ። ወንድሜ መሬት ላይ ሲወድቅ አፍንጫውን በጫማው ስለደፈጠጠለት፣ እኔም ልገላግል ስገባ የፊት ጥርሴን በክርኑ ያለ ወረፋ ስለነቀለልኝ፣ ለየብቻ ይመስገን።

፫. እርስዎም የሻይ ብርጭቆዎን እንደያዙ በመስኮት ብቅ ብለው «ቶሎ ጨርሱና ወረቀቱን አምጡ» ስላሉ እናመሰግናለን። ወረቀቱ «የመኪናው በር እጄን ጨፍልቆኛል፤ በማንም ላይ ቅሬታ የለኝም» ይላል። ወንድሜ እስክሪብቶ የሚይዝበት ጣት ስላልተረፈው አውራ ጣቱን ጎትታችሁ አሻራ አስደረጋችሁት። ጣቱ በደም የተነከረ ስለነበር ቀለም ፍለጋ አልደከማችሁም።

ቁጥሩ እዚህ ይብቃኝ። ሐኪሙ የወንድሜ መሐል ጣት ዳግም እንደማይታጠፍ ነግሮናል፤ ክሩን የሚጠመጥመው በዚያች ጣት ነው። እናታችን «ለአምስት ፊደል ልጄን?» እያለች ጄሶውን ስትደባብስ ትውላለች። አቤት ልንል ፖሊስ ጣቢያ ብንሄድም ያ ወረቀት ቀድሞን ደርሶ ቁጭ ብሎ ጠበቀን፤ «ወንድምህ በገዛ አሻራው አረጋግጧል» ተባልኩ። ስለዚህ አንዲት ልመና ብቻ አለችኝ፦ ያንን ወረቀት ቀደው ጥለው፣ በምትኩ እውነቱን ይጻፉና እርስዎ ይፈርሙበት። የእርስዎ እጅ እንደሆነ ጤነኛ ነው።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለረዳትዎም የማይዝል ክንድ የሚመኝ፣ አንድ ጥርሱን ግቢዎ ውስጥ ጥሎ የሄደ ትሑት አገልጋይዎ፣
የቀለም ረጪው ታናሽ ወንድም

ልረሳው ስል፦ ያን ማክሰኞ ከሰዓት ወንድሜን ይጠብቀው የነበረው የትልቅ ሰው ሥራ የእርስዎ መኪና ነበር። ሾፌርዎ ሰኞ ዕለት «አለቃዬ የሚያብለጨልጭ ነገር አይወድም» ብሎ አምጥቶት፣ የፊቱን አርማ አጥቁረንለት የኋላውን እንዳላቀቅን እርስዎ ስለጠሩት፣ ቀሪውን ለማክሰኞ ከሰዓት ቀጥሮን ይዞት በረረ። የኋላው አርማዎ ጠረጴዛችን ላይ እያብለጨለጨ ይጠብቅዎታል። የፊቱ ግን በወንድሜ እጅ እንደጠቆረ በየቀኑ በዚያ ማስታወቂያ ሥር ያልፋል። ነገ ጠዋት ሰፈሩን ሁሉ አስከትዬ በርዎ ላይ እቆማለሁ፤ መዶሻው ሕጉን ሊያስከብር ሲመጣ እርስዎ አርማው ላይ የትኛውን እጅዎን እንደሚዘረጉ ለማየት ነው።