ኮምፒውተሬ ጳጉሜን አያውቅም

ሰኞ

ውሸታም! ሃያ ዓመት በአፉ ሲዋሽ ኖሮ አሁን ደግሞ አሳትሞ ሊሰቅለው ነው።

መናኸሪያ አጠገብ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅዳሜ የድሮ ኮምፒውተሮችና ጌሞች ኤግዚቢሽን አለው። የኮምፒውተር አስተማሪዋ ትዕግሥት ዕቃ ስታሰባስብ ነው የሰማሁት። "የሰፈራችን የመጀመሪያው ኮምፒውተር" የሚል ጽሑፍ ተዘጋጅቷል። ባለቤቱ ማን? አቶ ሳሙኤል! ጽሑፉ ከቅዳሜ በኋላም ከኮምፒውተር ክፍሉ ግድግዳ አይወርድም አሉ። እኔ ኮምፒውተር አስገብቼ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ፣ እሱ ከመንገዱ ማዶ ታይፕራይተሩን ይቀጠቅጥ ነበር። "ቤቴ ውስጥ ነበረኝ እኮ፤ ማርታንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ" ይላል። ምን አስተማረኝ? ንዴት!

እውነቱን ልጻፍ? ደስ ብሎኛል። እንዲህ ደሜ ከሞቀ ስንት ጊዜዬ!

ማክሰኞ

ኮምፒውተሬን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁት። የሚያስፈልጉኝ፦ ማከፋፈያ፣ የአቧራ ብሩሽ፣ ወገብ (የለኝም)፣ ድፍረት (ሞልቶኛል)።

ሰካሁት። አቃሰተ፣ ጮኸ፣ በራ! ብቻዬን እልል አልኩ። ባትሪው ስለሞተ የዛሬን ቀን አያውቅም፤ ፋይሎቹ ግን የተጻፉበትን ቀን እንደያዙ ናቸው። ያ ጡብ የሚወርድበት ጌምም አለ! ደንበኛ ሲጠፋ እሱን ነበር የምጫወተው። የነጥብ መዝገቡ፦ አንደኛ ማርታ፣ ሁለተኛ ማርታ፣ ሦስተኛ ማርታ። የመዝገቡ ዓመት 91።

ና እንግዲህ ሳሙኤል!

ረቡዕ

ሞኒተሩን እንደ ሕፃን አቅፌ በባጃጅ ወሰድኩት። እሱም የራሱን አምጥቶ ይወለውላል።

"ማርቲ፣ ቴሌቪዥን ነው ይዘሽ የመጣሽው?"

"አይ አቶ ሳሙኤል፣ እርስዎ የሚቀበሩበት ሣጥን ነው።"

ትዕግሥት ሁለቱንም ከፈተች። የእሱ የመጀመሪያ ፋይል 96፣ የእኔ 91። "ኮምፒውተር በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፤ ስለዚህ ወይዘሮ ማርታ በአምስት ዓመት ይቀድማሉ" አለች። ፊቱ የበሰበሰ ቲማቲም መሰለ። ጽሑፉ በእኔ ስም ሊታተም ነው። እየዘፈንኩ ገባሁ።

ሐሙስ

ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ድንገት ቢላዋው ከእጄ ወደቀ።

ደንበኞቼ ደብዳቤያቸው ላይ የሚፈልጉት የእኛን ቀን ነበር። እኔም የኮምፒውተሩን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞልቼው ነበር! ጥቅምትን፣ ሁለተኛ ወር ነው ብሎ፣ እንደ ፈረንጁ ፌብሩዋሪ በ28 ቆርጦ ወደ ኅዳር ይዘልብኝ ነበር። ጳጉሜን ሲመጣማ ዐሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል አላውቅም ብሎ ድርቅ! ስንቱን ስድብ ጠጥቷል።

እንግዲህ የእኔ 91 የእኛው 91 ነው። የእሱ 96 የፈረንጅ ከሆነ፣ በእኛ 88፣ ቢበዛ 89። ቀድሞኛል። ያ ሰውዬ ቀድሞኛል!

ማንም አያውቅም። ዝም ብልስ?

ዓርብ

ትዕግሥት የታተመውን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ስሜ ትልቅ ሆኖ፣ በሰማያዊ። ሲያምር! ሁለት ጊዜ ልደውልላት ስልኩን አንስቼ ተውኩት።

ምሳ አልበላሁም። ሃያ ዓመት ውሸታም ስለው የኖርኩትን ሰውዬ ስሙን ነጥቄ ግድግዳ ላይ ልሰቀል? እሱን ልመስል? ይቅርብኝ። እናገራለሁ። ግን እየሰደብኩት ነው የምናገረው።

ቅዳሜ

ከኤግዚቢሽኑ አሁን ገባሁ።

ጠረጴዛዎቹ በየዘመናቸው ተደርድረዋል፤ ፍሎፒ ዲስክ፣ ወፍራም ማውስ፣ በእጅ የሚያዝ የባትሪ ጌም፣ መጨረሻ ላይ ስልክ። ተማሪዎቹ በፍሎፒው ይስቃሉ። እኔ ስሜ ሥር ቆሜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"ትዕግሥት፣ የእኔ 91 በእኛ አቆጣጠር ነው። ቀኑን የሞላሁት ራሴ ነኝ። የእኚህ ትዕቢተኛ ሰውዬ ይቀድማል።"

አቶ ሳሙኤል እጁን አጨበጨበ። "አላልኳችሁም? ኮምፒውተር መች ታውቅና!"

"ጳጉሜን ያሳየኝን መከራ እርስዎ መች አዩ!" አልኩት፤ እንባዬ ሊመጣ ነው።

እሱ ደግሞ አላውቅም ማለት አያውቅም። "አንቺ ብልሃቱ ስለሌለሽ ነዋ! እኔ በየማለዳው ቀኑን ወደ ነሐሴ 30 እመልሰው ነበር፤ መስከረም እስኪጠባ።"



ትዕግሥት ቀስ ብላ፣ "ጋሽ ሳሙኤል፣ በፈረንጅ ለሚቆጥር ኮምፒውተር ጳጉሜን ምኑ ነው?" አለች።

  ለካ የእሱም 96 የእኛው 96 ነው! አምስቱ ዓመት ተመልሶ መጣልኝ! ተማሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ፤ እኔማ ጠረጴዛ ይዤ ነው የቆምኩት።

ይሄዳል ስል የእኔ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠ። "ጌሙን ክፈቺልኝ" አለ፣ ሳያየኝ። ከፈትኩለት። ጀርባው ላይ ቆሜ "እንደ ታይፕራይተር አይቀጥቅጡት!" እያልኩ ሰደብኩት። እሱ ጡብ ብቻ ይደረድራል።

ሲነሳ መዝገቡን አየሁ። አንደኛ ማርታ፣ ሁለተኛ ማርታ፣ ሦስተኛ ሳሙኤል።

የእኔ ስም ግድግዳው ላይ ቀረ፣ የእሱ ኮምፒውተሬ ውስጥ ገባ። በገዛ ዕቃዬ! ኮምፒውተሬ እዚያው ቀርቷል፤ ትምህርት ቤቱ ሰኞ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚከፈተው?