ባትሪዋ በቁልቁለት የሚሞላ መኪና

ወረታ፣ ጥር 2006 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ የኔነህ፣

ዛሬ ስለ መኪና ልጽፍልህ ነው። ስለ ተገለበጠችው አይደለም፤ ስላልገዛሃት ነው። እቤት ውስጥ ስሟን ማንሳት አልቻልኩም። አንድ ቀን አፌን አዳልጦኝ ባነሳት እናታችን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። ስለዚህ የሷን ነገር ላንተው።

የጓደኛህ የመካኒኩ አህመዲን ጋራዥ ደጃፍ ላይ ከአሮጌ ሚኒባስ የተነቀለ ወንበር ነበር። ናፍጣ ጠፍቶ ማደያው በተዘጋ ቁጥር ሾፌሮቹ እዚያ ይሰበሰባሉ፤ አንተም ስልክህን አውጥተህ ስብከትህን ትጀምራለህ።

“ሁለት ሞተር ነው ያላት፤ አንዱ በነዳጅ፣ አንዱ በኤሌክትሪክ። ሃይብሪድ ይሏታል። የቤት መኪናው ወጥቷል፤ ፒካፑም አይቀርም።”

“በኤሌክትሪክ?” ይልሃል ሙሰብ፣ የባሕር ዳሩን ጭነት መኪና የሚነዳው። “ወረታ ላይ? እኛ እኮ ስልክ ለመሙላት ጀነሬተር ያለው ሱቅ ደጅ ነው የምንሰለፈው። አንተ መኪና ይዘህ ልትሰለፍ?”

“ከግድግዳ አይደለም የምትሞላው፣ ስማኝ እንጂ! ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ፣ ያ በከንቱ ሙቀት ሆኖ የሚጠፋው ጉልበት ወደ ባትሪው ይገባል። ስትቆም ሞተሯን ራሷ ታጠፋለች። ስትነሳ በባትሪው ትነሳለች።”

“እሺ፣ ክረምት ርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራ ሜዳ ባሕር ሲሆንስ? ባትሪዋን ጀርባህ ላይ አዝለህ ልትሻገር ነው?”

ሁሉም ይስቃል። አህመዲን ከመኪና ስር እግሩ ብቻ እየታየ፣ “ተውት ልጁን! እሱ ያምጣት እንጂ መፍታቱን እኔ እፈታታታለሁ። መግጠሙን አላህ ያውቃል” ይላል። ያን ጊዜ አንተም ትስቃለህ።

ግን ከልብህ ነበር። ለብቻችን ስንሆን የምትነግረኝ ሌላ ነበር። መጀመሪያ አዲስ አበባ ለትልልቆቹ መሥሪያ ቤቶች ትገባለች፤ ቀጥላ ባሕር ዳር ትታያለች፤ ስታረጅ እኛ ዘንድ ትደርሳለች። ቀረጧ ከባድ ይሆናል። መለዋወጫዋን የሚያመጣ፣ ባትሪዋን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ላይ አይገኝም፤ ለዚህ አህመዲን ባሕር ዳር ወርዶ እንዲማር ተነጋግራችሁ ነበር። “ሲሳይ፣ አስበው” ትለኝ ነበር፣ “ሽንኩርትና ሩዝ ይዘን ወደ ደብረ ታቦር ሽቅብ፤ ድንች ይዘን ወደ ወረታ ቁልቁል። ሽቅቡ የበላውን ቁልቁለቱ ይመልሳል። ይቺ መኪና የተሠራችው ለኛ መንገድ ነው፤ የሠሯት ሰዎች ግን አያውቁም።”

ይኸን ስትል እውነት ይመስለኝ ነበር። አሁንም ይመስለኛል። የሚያናድደኝ ይኸው ነው።

ምክንያቱም እስክትመጣ አልጠበቅሃትም። ቅዳሜ ቅዳሜ በአሮጌዋ መኪናህ ደብረ ታቦር አብሬህ ስወጣ፣ ስንመለስ ከዓለም በር ከተማ ወዲህ ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሹን ታወጣና ሞተሩን ታጠፋለህ። ንፋሱና የጎማው ድምፅ ብቻ ይቀራል። “ይኸውልህ፣ ሃይብሪድ ሆነች” ትለኛለህ። አንተ ብቻ አይደለህም፤ ናፍጣ በጠፋበት ሰሞን የማያጠፋ ሾፌር አላየሁም። የማያጠፋውን “ማደያ ያለው አጎት አለው” ብለው ይቀልዱበታል። መሪው ከበድ ሲል፣ ፍሬኑም እግርህን ሲገፋው አየሁና “አይከብድም ወይ?” ብልህ፣ “ይከብዳል እንጂ ይይዛል” አልከኝ።

ኅዳር ላይ አልያዘም።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አንተ ስለማታውቅ ልንገርህ። አብረውህ ጋቢና የነበሩት የሽንኩርት ነጋዴዋ እትዬ አገኘሁሽ ክንዳቸው ተሰብሮ ተረፉ። ድንቹ ገደሉን ሞልቶት ነበር አሉ። ለቅሶህ ላይ “ፍሬን እምቢ ብሎት ነው” የሚል ወሬ መጣ፤ አባባም የፍሬኑን ሸራ በዚያው ሳምንት አህመዲን እንደቀየረው ያውቁ ነበር። አህመዲን ከእናቱ ጋር ለቅሶ ሊደርስ ሲገባ አባባ ከተቀመጡበት ተነሱ።

“ልጄን የገደለ ድንኳኔ ውስጥ አይቀመጥም።”

አህመዲን ጫማውን እያየ ቆመ፤ እናቱ እጁን ይዘው አወጡት። አንተን ተሸክሞ ከገደል ያወጣህ እሱ መሆኑን ለአባባ የነገራቸው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ጋራዡ ደጅ መኪና መቆም ቀረ። ሾፌሮቹ እያዩት አልፈው ሌላ ቦታ ያሠራሉ። ይባስ ብሎ አንዳንዱ ነገሩን ወደ ሃይማኖት ሊጎትተው ቃጣው። “እነሱ እኮ…” ሲል የሰማሁት ሰው አለ፤ ያንተን ቀብር አፈር ሲመልስ የነበረ ሰው። ይኸኔ ሽማግሌዎች ከሁለቱም ወገን ተመርጠው፣ ነገሩ ሳይሰፋ እንዳኘው አሉ።

እኔ የቁልቁለቱን ጸጥታ አስቤ እንቅልፍ አጣሁ። ከትምህርት ቤት ስወጣ እትዬ አገኘሁሽ ዘንድ ሄድኩ። ክንዳቸውን በሻሽ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሽንኩርት ይለቅማሉ።

“እትዬ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ነበር?”

መልቀማቸውን አላቆሙም። “ማን ነገረህ?”

“ማንም። ሁልጊዜ ያጠፋ ነበር።”

“ጠፍቶ ነበር፣ የኔ ልጅ። ከፊታችን ከብት ገባ። ፍሬኑን ሁለቴ ሦስቴ ረገጠው፤ ከዚያ እንደ ድንጋይ ደረቀበት። ሞተሩን ሊያስነሳ ሲታገል መታጠፊያው መጣ።”

“ታዲያ ለምን አልተናገሩም?”

“አፈሩ ሳይደርቅ ሙት ወቃሽ ልሁን? ደግሞስ ለማን? ለአባትህ? በዓይናቸው ነው የሚገድሉኝ።”

ለእናታችን ነገርኳት። “የሞተው ሞቷል፤ የቀረው ስሙ ነው። ስሙን ተውለት” አለችኝ። የኔነህ፣ ያን ቀን አንተን ብጠይቅህ ምን ትለኝ ነበር? ስምህን ብጠብቅልህ አህመዲን ጠፋ። አህመዲንን ባተርፈው አንተ ራስህን የገደልክ ሞኝ ልትባል ነው። አንዱን የምመርጥልህ እኔ ሆንኩ፤ አንተ የለህም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ስር ተቀመጡ። አባባ ተናገሩ፤ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። አህመዲን ተነስቶ፣ “ሸራውን አጥብቄ አስሬያለሁ። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም፤ አላህ ያያል” ብሎ ተቀመጠ። አህመዲን እንዴት እንደምትወርድ ያውቃል፤ ስንቴ ተው ብሎሃል! ግን ያንተን ስም ከማንሳት ጋራዡን መዝጋት መረጠ። ያኔ ነው የቆረጥኩት። ተነሳሁ።

“ልጅ በሽማግሌ መሃል አይነሳም” አሉ አንዱ።

“ወንድሙ ነው፤ ተዉት ይናገር” አሉ አቶ ደብሬ፣ ሰብሳቢው።

“ሞተሩ ጠፍቶ ነበር” አልኩ። “ናፍጣ ለመቆጠብ ሁልጊዜ ያጠፋው ነበር። የዚያች መኪና ፍሬን ጉልበት የሚያገኘው ከሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ከጠፋ አዲስ ሸራም አያድንም። አህመዲን ምንም አላጠፋም።”

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። “ወንድምህን ሁለተኛ ገደልከው” አሉኝ።

ይኸኔ ከሴቶቹ በኩል እትዬ አገኘሁሽ፣ “ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ልጁ እውነቱን ነው” ብለው ቆሙ፤ ያዩትንም ሁሉ ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ አባባ ይቅርታ ይጠይቁ አሉ። አባባ ሊነሱ ሲሉ አህመዲን ቀድሟቸው ደረሰና ትከሻቸውን ይዞ አስቀመጣቸው። “ኧረ በአላህ፣ ጋሽ አያልነህ! ይቀመጡ። እኔም ወንድሜን ነው የቀበርኩ” አለ። ሁለቱም አለቀሱ። ጋራዡ ተከፍቷል፤ ሙሰብ መኪናውን የመጀመሪያ ሆኖ ይዞ ሄደ።

እኔን ግን አባባ አላናግር አሉኝ። ከአንድ ማዕድ እየበላን፣ “ለሲሳይ ውሃ አቀብዪው” ብለው በእናታችን በኩል ይልኩብኛል። በከተማውም አንዳንዱ “ያ ሞተር አጥፍቶ የሞተው” ይልሃል። ይህን ያመጣሁብህ እኔ ነኝ። ግን ደግሞ እቆጣሃለሁ። ገና ያልመጣችውን መኪና፣ በያዝካት አሮጌ መኪና ላይ ነዳሃት። እሷ ሞተሯን ስታጠፋ ፍሬኗን የሚይዝ ሌላ ነገር ተሠርቶላታል። ያንተዋ ከአንተ እግር በቀር ምንም አልነበራትም። ፊዚክስ ስንማር ይህን ሳሰላስል አስተማሪያችን “ሲሳይ፣ የት ነህ?” ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

ትናንት አባባ በእናታችን በኩል “ነገ ከኔ ጋር ይነሳ” ብለው ላኩብኝ። ዛሬ በአውቶቡስ ሄደን ከዓለም በር ወዲህ ወረድን። ቦታውን በዓይናቸው ማየት ፈልገው ኖሯል። በእግር ወርደን መታጠፊያው ጋ ደረስን። ከታች ፎገራ የታጨደ የሩዝ ማሳ ብቻ ሆኖ ይታያል። አባባ ዱላቸውን ተደግፈው ገደሉን አዩ።

ብዙ ከቆምን በኋላ፣ ከላይ አንዲት ፒካፕ መጣች። መምጣቷን ያወቅነው ስትታይ ነው፤ ድምፅ የላትም። የጎማዋ ሽውታ ብቻ። ጆንያ ተቆልሎባታል፣ ከጆንያው ላይም ሰዎች ተቀምጠዋል። አባባ መጀመሪያ ጆሯቸውን አቆሙ። ቀጥለው ፊታቸው ተለዋወጠ። ከዚያ ዱላቸውን ጥለው ወደ አስፋልቱ ሮጡ።

“አስነሳው!” ብለው ጮኹ። “ልጄ! ሞተሩን አስነሳው! አስነሳው!”

ይዤ ጎተትኳቸው። ሾፌሩ፣ ያንተ እኩያ ይሆናል፣ አንገቱን አውጥቶ እንደ እብድ አያቸውና በአጠገባችን አለፈ። ነጠላቸውን ነፋሱ ወሰደው። መኪናዋ ከመታጠፊያው ጀርባ ተሰወረች። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን አዳመጥን። ከዚያ ከታች፣ ራቅ ብሎ፣ ሞተር ጉርር አለ።

አባባ ክንዴን አልለቀቁትም።

“ተነሳ?” አሉኝ፣ እኔን፣ በእናታችን በኩል ሳይሆን ፊቴን እያዩ። “ሰማህ? ተነሳለት?”

“ተነሳ፣ አባባ” አልኳቸው።

ዱላቸውን አንስቼ ሰጠኋቸው፤ ሌላ ሞተሩን ያጠፋ መኪና ከላይ ቢመጣ እጮህበታለሁ ብለውም እስኪመሽ ከዚያ አልነሳ አሉ።

የማልረሳህ ታናሽ ወንድምህ፣
ሲሳይ አያልነህ